ሬዲዮዋን ስንፈትን

ሬዲዮዋን የላከልኝ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ቦንጋ ላይ ፊዚክስ ሳስተምረው ልቤን ከሚያደርቁት ልጆች አንዱ ነበር፤ ዛሬ አዲስ አበባ ተቀምጦ፣ ፈቃድ አውጥቶ፣ የአማተር ሬዲዮ ሰው ሆኗል። አማተር ማለት ምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ «ለደመወዝ ሳይሆን ለፍቅሩ ብሎ በአየር ላይ ከማያውቀው ሰው ጋር የሚያወራ ማለት ነው፣ ቲቸር» አለኝ። «በእኛ አገር እሱ ሥራ ፈት ነው የሚባለው» አልኩት። ሳቀና ሁለት የእጅ ሬዲዮ በካርቶን ጠቅልሎ በአውቶቡስ ላከልኝ።

የፈለገው ቀላል ነገር ነበር። ጫካ ባለባቸው ወረዳዎች፣ በትምህርት ቤቶች ውስጥ የሬዲዮ ክበብ ማቋቋም አስቧል፤ ክበብ ደግሞ አቅሙ የሚችለው ርካሹን ዕቃ ነው። ርካሹ ዕቃ በከፋ አገር ኮረብታና ጫካ ውስጥ ይሠራ እንደሆነ አንድ ሰው ፈትኖ እንዲነግረው ፈለገ። «የፈቃዱን ነገር እኔ ጨርሻለሁ፤ የምትነጋገሩበትንም መስመር ሬዲዮዎቹ ላይ ሞልቼዋለሁ። እርስዎ ብቻ እንዳለ ይንገሩኝ። ፈተና ሲያርሙ እንደሚያደርጉት፣ ሳይራሩ» አለኝ። ሳይራሩ ያለው ከልቡ ነው፤ እኔ ያረምኩለትን ወረቀት እስከ ዛሬ አልረሳውም።

እኔም ሳልራራ ጀመርኩ። መዳፍ የምትሞላ፣ ጥቁር፣ ከላይ አጭር የጎማ አንቴና የተሰካባት ዕቃ ናት። ቁልፎቿ ሲጫኑ እንደ አሮጌ ካልኩሌተር ይንቀጫቀጫሉ። መስመር በቀየርኩ ቁጥር ከውስጧ አንዲት ሴት ብቅ ብላ በእንግሊዝኛ ቁጥር ትጠራብኛለች፤ እሷን ዝም የማሰኝበትን ዘዴ እስካገኝ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። መመሪያዋን የጻፈው ሰው ሬዲዮውንም እንግሊዝኛውንም የሚያውቅ አይመስልም። የቀበቶ መንጠቆዋ ወዲያው ላላ። በደግ የማነሳላት ባትሪዋን ነው፤ አንዴ ከሞላች ቶሎ አትሞትም። ከላይ ደግሞ ትንሽ መብራት አለቻት። የያዛት ሰው ሲናገር ቀይ፣ ከወዲያ ማዶ ያለው ሲናገር አረንጓዴ ትበራለች። ይቺን መብራት ከጌጥ ቆጠርኳት።

ሌላም ጠባይ አላት። ለመናገር በጎኗ ያለውን ቁልፍ መጫን ያስፈልጋል፤ አንዱ ተጭኖ ሲናገር ሌላው ዝም ብሎ መጠበቅ አለበት። ሁለቱም እኩል ከተጫኑ ማንም ማንንም አይሰማም። ይህ ለእኛ ሰው ከባድ ነው። የእኛ ሰላምታ ከሁለት ወገን በአንድ ጊዜ የሚዘንብ ነው። ደህና ነህ፣ ደህና ነሽ፣ ቤት እንዴት ነው፣ ከብቱ፣ ቡናው፣ ተመስገን፣ ተመስገን፤ ማንም የማንንም መልስ አይጠብቅም። ለዕቃዋ የማይመች ሕዝብ ነን ብዬ ለተማሪዬ ጻፍኩለት። የሳቅ ምልክት ደርድሮ መለሰልኝ።

ለመፈተን ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ሁለተኛው ማን እንደሚሆን ለማሰብ አልተቸገርኩም። ታላቅ ወንድሜ ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ፤ በስማቸው ጠርቻቸው አላውቅም። ማንኪራ፣ ከጫካው ጥግ፣ ከባለቤታቸው ጋር ቡና እየለቀሙና ንብ እያነቡ ይኖራሉ። ከቤታቸው በላይ ባለው ሸንተረር ላይ አንድ ትልቅ ዛፍ አለ፤ አባታችን ቀፎ ይሰቅልበት የነበረ ዛፍ ነው፣ ዛሬም የጋሼ ቀፎዎች የተሰቀሉት እዚያው ነው። እዚያ ሸንተረር ላይ የቆመ ሰው ከቦንጋ በላይ ካለው ኮረብታ ጋር ፊት ለፊት ይተያያል። በሬዲዮ ቋንቋ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም።

እውነቱን ለመናገር ግን ሬዲዮው ሰበብ ነበር። ከጋሼ ጋር ማውራት ናፍቆኝ ነበር። እቤታቸው ኔትወርክ የለም። ሸንተረሩ ላይ ወጥተው ሲደውሉም «ደህና ነኝ» ይሉና ስልኩን ለእትዬ፣ ለባለቤታቸው፣ ያቀብላሉ። «ጋሼ ስልክ አይወዱም» የሚባል ነገር በቤተሰባችን ውስጥ እንደ ሕግ ጸንቶ ነበር። በገበያ ቀን ቦንጋ ሲመጡም እኔ ቤት ሶፋው ላይ ተቀምጠው፣ ልጆቼ ሲያወሩ ፈገግ እያሉ፣ የቀረበላቸውን በልተው ይሄዳሉ። ድሮ እንዲህ አልነበሩም። ልጅ ሳለሁ ዛፉ ላይ ወጥተው ቀፎ ሲያዩ ከዚያ ከላይ ይጣሩኝ ነበር፤ እኔ ከታች ከምንጩ ዳር እመልሳለሁ። ድምፃቸው ሸለቆውን ሞልቶ ነበር የሚመጣው። እያደር ዝም ሲሉ ዕድሜ ነው አልን፣ ትሕትና ነው አልን። ልብ ካላየ ዓይን አያይም።

የምነግራቸውም ነገር ነበረኝ። አባታችን ሲሞት ጋሼ አራተኛ ክፍል ነበሩ። በሒሳብ ከእኔ ይበልጡ እንደነበር ያስተማሩን ሁሉ ይመሰክራሉ። ከሁለታችን መማር የሚችለው አንዱ ብቻ ሆኖ ሲገኝ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ደብተራቸውን ለእኔ ሰጥተው ገመድ ይዘው ዛፍ ላይ ወጡ። ዩኒፎርሜ፣ ጫማዬ፣ ቦንጋ የተከራየሁት ክፍል፣ ሁሉም ከዚያ ዛፍ ላይ በገመድ የወረደ ማር ነው። እኔ መምህርት ሆንኩ፣ እሳቸው ዛፍ ላይ ቀሩ። ይህን አንድም ቀን አንስቼላቸው አላውቅም። በእኛ ቤት ለወንድም አመሰግናለሁ ማለት ራስን ባዕድ ማድረግ ነው። ፊት ለፊት ተቀምጬ ልጀምረው ስል ምላሴ ይተሳሰራል። ሬዲዮዋን ሳያት ግን፣ ኮረብታ ላይ ቆሜ፣ ፊታቸውን ሳላይ፣ ቁልፍ ተጭኜ ብናገረውስ የሚል ሐሳብ መጣልኝ።

አንዷን ሬዲዮ ይዤ ማንኪራ ሄድኩና አሳየኋቸው። እኔና ጋሼ የምንነጋገረው በካፊኖኖ ነው፤ እዚህ በአማርኛ አስፍሬዋለሁ። «እሁድ እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ዛፉ ሥር ይዘዋት ይቀመጡ። ይቺ መብራት አረንጓዴ ስትሆን እኔ እየተናገርኩ ነው። ስትጠፋ ይህን ይጫኑና ይመልሱልኝ። ከተሰማዎት ይሰማል ይበሉኝ፤ ይበቃል» አልኳቸው። ዓይናቸውን ከአፌ ሳይነቅሉ አዳመጡኝ። እንደገና እንዳሳያቸው በእጃቸው ምልክት ሰጡኝና ደግሜ አሳየኋቸው። እትዬ በሩ ላይ ቆመው አንድ ነገር ሊሉኝ ፈልገው ነበር መሰለኝ፤ ከዚያ ግን የተሰጣውን ቡና ሊያገላብጡ ወጡ።

የመጀመሪያው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ኮረብታው ላይ ወጣሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ተጫንኩና «ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? ይሰማል?» አልኩ። ለቀቅኩት። ጥቂት ሹሹ አለና ድምፃቸው መጣ። «ይሰማል። ደህና ነኝ። ተመስገን።» ጎልማሳ ሴትዮ ነኝ፤ ኮረብታው ላይ ዘለልኩ። ድምፁ ከዛፉ ላይ ሲጣሩኝ የነበረው ድምፅ ነው። አጠር ቢልም ያው ነው። ለተማሪዬ «ጥርት ያለ፣ መልሱም ወዲያው የሚመጣ» ብዬ በቴሌግራም ላክሁለት፤ ከእኔ እንዲህ ያለ ነጥብ አግኝቶ ስለማያውቅ በሬዲዮዋ ቀና።

እሁዶቹ እንዲህ ቀጠሉ። አንዳንዱ እሁድ በጣም ያማረ ነበር። «ቀፎዎቹ እንዴት ናቸው?» ስላቸው ትንሽ ዘግየት ይሉና «ሁለቱ ንብ ገብቶባቸዋል፣ አንዱን ጉንዳን አስቸግሮታል» ይሉኛል። «እትዬስ?» ስላቸው «እዚሁ ናት፣ ትስቅብኛለች» ይላሉ። ሌላው እሁድ ግን ግራ ያጋባል። «እዚያ ይዘንባል?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ «ይሰማል። ደህና ነኝ። ተመስገን» ይመጣል። «ወገብዎን ተሻለዎት?» እላለሁ፤ «ይሰማል። ደህና ነኝ። ተመስገን።» ድምፁ እየተቆራረጠ የሚደርሳቸው መሰለኝ። አንቴናውን ቀየርኩ፣ ባትሪውን መረመርኩ፣ ሹሹታውን የሚያፍነውን ቁጥር ከፍ ዝቅ አደረግኩ። ለውጥ የለም።

አስተማሪ አይደለሁ፣ ምክንያት መፈለግ ጀመርኩ። መልሱ የሚሳሳተው በዝናብ ቀን እንደሆነ አስተዋልኩ። ዝናብ የሌለበት እሁድ የሚጠየቁትን ይመልሳሉ፤ ዝናብ ያለበት እሁድ ያንኑ መልስ ይደግማሉ። ከዚህ ተነስቼ አንድ የሚያምር ሐሳብ ሠራሁ። የከፋ ጫካ ቅጠል ሲረጥብ ሞገዱን ይጠጣዋል፤ ርካሹ ሬዲዮ ደግሞ የተረፈውን ሞገድ ለቅሞ ለማውጣት አቅም የለውም። ለተማሪዬ በድምፅ መልእክት አብራራሁለት። «ቲቸር፣ ይህ እኮ ግኝት ነው!» ብሎ ጮኸ። ኮራሁ። ውሸትም አልነበረም፤ እርጥብ ቅጠል እውነትም ሞገድ ይቀንሳል። በጋሼ እና በእኔ መካከል የቆመው ግን ቅጠል አልነበረም።

ከዚያ ያ እሁድ መጣ። ካፊያ ነበር። ኮረብታው ላይ ሰው አልነበረም፤ በጃንጥላዬ ሥር ብቻዬን ቆሜ ነበር። ሰላምታውን አደረስኩ፣ «ይሰማል» አሉኝ፣ ከዚያ ቁልፉን እንደገና ተጫንኩና ሳላስበው ጀመርኩት። «ጋሼ፣ ደብተርዎን ለእኔ የሰጡኝን ቀን አልረሳሁትም» አልኩ። ስለ ዩኒፎርሙ ተናገርኩ። ገመዱ እጃቸውን ልጦት እያለ እጃቸውን ከኋላቸው ደብቀው የቤት ሥራዬን እንዳነብላቸው ይጠይቁኝ እንደነበር ተናገርኩ። ተማሪ ፊት በቆምኩ ቁጥር እዚያ መቆም የነበረባቸው እሳቸው እንደሆኑ እንደማስብ ነገርኳቸው። መሐል ላይ ዕቃዋ ጢጥ ብላ ቆረጠችኝ። ቁልፏ ለብዙ ጊዜ ተይዞ ሲቆይ በራሷ ትዘጋለች፤ ይህን ጠባይዋንም ያን ቀን ነው ያወቅኩት። ደግሜ ተጫንኩና ጨረስኩት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለወንድሜ አመሰግናለሁ አልኩ፣ ለቀቅኩት።

ሹሹ አለ። ከዚያ፣ «ይሰማል። ደህና ነኝ። ተመስገን።»

እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግራችሁ አልችልም። ይህ የጋሼ ወግ ነው አልኩ። ሌላ ሰው ቢሆን ያለቅሳል፣ ወይም «ተይ ይህ ምን ያስፈልጋል» ይላል። እሳቸው ሰምተው፣ ተቀብለው፣ ፈጣሪን አመስግነው ዘጉት። በራሴ ሐሳብ መሠረት በዝናብ ቀን ድምፄ ሊደርሳቸው አይገባም ነበር። ያን ቀን ግን ፊዚክሴን በፈቃዴ ረሳሁት። እየዘነበብኝ፣ ጃንጥላዬን አጥፌ፣ ቁልቁለቱን ወረድኩ።

የእርጥብ ቅጠሉ ነገር እንዲረጋገጥ ተማሪዬ ሁለቱን ሬዲዮ እንዳቀያይር ነገረኝ፤ ምናልባት ጥፋቱ የጋሼ ሬዲዮ ብቻ ሊሆን ይችላል። ልክ ነው። በሚቀጥለው እሁድ ኮረብታ መውጣቴን ትቼ በሞተር ማንኪራ ሄድኩ፤ መንገዱ ሲያልቅ ጠዋት የዘነበበትን ጫካ በእግሬ አቋርጬ ወደ ሸንተረሩ ወጣሁ። እንደምመጣ አልነገርኳቸውም፤ ሳይታሰብ ደርሼ ላስደስታቸው ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ሲል ዛፉ ታየኝ። ጋሼ ጀርባቸውን በከፊል ሰጥተውኝ ግንዱ ሥር ተቀምጠዋል፤ ካፖርታቸውን ለብሰዋል፣ ሬዲዮዋን በሁለት እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ይዘዋል፣ አንገታቸውን ደፍተው ያይዋታል።

የወደቀ ግንድ ልሻገር ስል የላላው የቀበቶ መንጠቆ ሬዲዮዬን ጣላት። ልቀልባት ስል ጣቴ ቁልፏ ላይ አረፈ፤ ቀይ በራች። ለቀቅኳት። ወዲያው ከእጄ ውስጥ የጋሼ ድምፅ ወጣ። «ይሰማል። ደህና ነኝ። ተመስገን።»

ምንም አላልኩም ነበር።

ቆምኩ። ደግሜ ተጫንኩ፤ አፌን ገጥሜ፣ ትንፋሼን ይዤ። ጉልበታቸው ላይ ያለችው መብራት አረንጓዴ ስትሆን ከቆምኩበት ታየችኝ። ለቀቅኩት። መብራቷ ጠፋች። ጋሼ ሬዲዮዋን ወደ አፋቸው አስጠግተው፣ ቃላቸውን አስተካክለው፣ «ይሰማል» አሉ። «ጋሼ!» አልኩ በአፌ። አልዞሩም። «ጋሼ!» ብዬ ጮህኩ። በላያችን ያሉት ጉሬዛዎች ደንብረው ቅርንጫፉን እያንኮሻኮሹ ሸሹ። ጋሼ አልዞሩም። ዓይናቸው መብራቷ ላይ ነበር፤ የሚቀጥለውን አረንጓዴ እየጠበቁ ነበር።

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ማለት ይህ ነው። የሬዲዮ ጥፋት ልፈልግ መጥቼ ያገኘሁት ይህን ነው።

ወደ ፊታቸው ዞሬ ስቆም ደስ ብሏቸው ተነሱ፣ ሳሙኝ። እኔም ሳምኳቸው። ስንቱን ዓመት በሰላምታ ብቻ እንደተግባባን የገባኝ ያኔ ነው። እሳቸው ይሉታል፣ እኔ እለዋለሁ፤ ቃሉ የታወቀ ነው፣ ለመመለስ መስማት አያስፈልግም። ከሰላምታው በኋላ ዓይናቸውን አፌ ላይ አሳረፉ፤ ያን አተኩሮ ማየት ፍቅር ነው እያልኩ ነበር የኖርኩት። ፍቅር አይደለም ማለቴ አይደለም።

እትዬን ጓሮ አገኘኋቸው። ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት ገባቸው፤ የያዙትን ወንፊት አስቀመጡ።

«መብራቷን ነው የሚያዩት» አሉኝ። «ከሄድሽ ወዲህ እሷን ሲያዩ ነው የሚከርሙት። ዝናብ ከሌለ አብሬያቸው ወጥቼ ያልሽውን በአፌ አሳያቸዋለሁ። ሲዘንብ ግን ጉልበቴ አያወጣኝም፤ ብቻቸውን ይሄዳሉ።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«እንዳትነግሪያት አሉኝ። የተማሪዋ ሥራ ነው፣ ካበላሸሁባት ታፍርብኛለች አሉ። አንቺም ይሰማል ይበሉ ብለሻቸው ነበር። ይሰማል አሉ።»

የጋሼ ጆሮ ከመቼ ጀምሮ እንደከዳቸው ጠየቅኳቸው። እትዬም በትክክል አያውቁትም። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። መጀመሪያ የወፍ ድምፅ ጠፋባቸው፤ ቀጥሎ ከሩቅ የሚጠራቸው ሰው። ከዚያ የንቡን ድምፅ አጡ። ይህን ሲነግሩኝ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ድሮ ጋሼ ቀፎ ውስጥ ንብ መግባቱን የሚያውቁት ጆሯቸውን ቀፎው ላይ አስጠግተው ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን መዳፋቸውን ቀፎው ላይ አሳርፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆመው አይቻለሁ። የንብ ሰው ጥበብ ነው ብዬ አድንቄ ለልጆቼ ሳይቀር አወራሁላቸው። ለካ ጆሯቸው ጥሏቸው በእጃቸው እየሰሙ ነበር። ዓይኔ አይቶታል፤ እኔ ግን አላየሁትም።

ሐኪም ጋ ወሰድኳቸው። መረመሯቸው፣ ማዳመጫ መሣሪያም ተሞከረላቸው። «ነፋስ ብቻ ነው የሚመጣብኝ» አሉ ጋሼ። ሐኪሙ ነርቩ ነው አለኝ፤ ቀደም ብለው መጥተው ቢሆን ሌላ ነገር ነበር አለኝ። ቀደም ብለው! በየገበያው ቀን ሶፋዬ ላይ ተቀምጠው ፈገግ ይሉ የነበረው ቀደም ብሎ ነበር። ስልኩን ለእትዬ ያቀብሉ የነበረው ቀደም ብሎ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። መጸጸት መድኃኒት ቢሆን ኖሮ እኔ ብቻዬን የከፋን ጆሮ ሁሉ አድን ነበር።

ለተማሪዬ የመጨረሻውን ውጤት ላክሁለት። የእርጥብ ቅጠሉን ነገር እርሳው አልኩት። ሬዲዮዋ ከሸንተረር ወደ ኮረብታ ጥሩ ትሠራለች፣ ኮረብታ ከከለላት አትሠራም፣ መንጠቆዋ የማይረባ ነው፣ ባትሪዋ ጠንካራ ነው፣ ለክበብ ትበቃለች። የሆነውንም ነገርኩት። ብዙ ቆይቶ «ቲቸር፣ ሁለቱንም እዚያው ያቆዩዋቸው» የሚል መልእክት መጣልኝ።

ጋሼን ከሐኪም ስመልሳቸው ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ደህና ገቡ ሊል ቤቱን ሞልቶ ነበር። ጋሼ በሰዉ መሐል እኔን ዞር ብለው አዩኝ። ራሳቸውን ስለማይሰሙ ድምፃቸው ከፍ ብሎ ነው የወጣው።

«እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አንድ እሁድ፣ ሲያካፋ፣ መብራቷ በጣም ብዙ በራች። ጠፋች፣ ደግሞ በራች። ዛሬስ ትልቅ ነገር እየነገረችኝ ነው አልኩ በልቤ። ቃሉን ስለማላውቀው የማውቀውን መለስኩልሽ። ምን ነበር ያልሽኝ?»

ሰው ሁሉ እኔን ያያል። ልነግራቸው ብፈልግ አጠገባቸው ሄጄ፣ ጆሯቸው ሥር አፌን አድርጌ፣ ጉሮሮዬ እስኪነቃ መጮህ አለብኝ፤ እሱም ሦስት አራት ቃል ቢደርሳቸው ነው። ደብተርዎን ሰጡኝ ብዬ ልጩህ? ገመዱ እጅዎን ላጠው ብዬ ልጩህ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ? ደብዳቤ እንዳልጽፍላቸው፣ ያቺ አራተኛ ክፍል የተማሯት ፊደል ከጠፋቻቸው ቆይቷል፤ የሚያነብላቸው ሰው ያው መጮህ ነው ያለበት። ለእትዬ ነግሬ በአፋቸው ያስተላልፉልኝ እንዳልል፣ አመሰግናለሁን በሰው አፍ መላክ ከዝምታ የሚከፋ መሰለኝ። በኮረብታው ላይ ያገኘሁት ድፍረት የፊታቸው አለመታየት ነበር፤ አሁን ፊታቸው ከፊቴ ነው፣ ይጠብቀኛል።

ጎንበስ ብዬ ጆሯቸው ሥር ጮህኩ። «ባትሪ! ባትሪውን እየፈተንኩ ነበር!»

ጋሼ አፌን እያዩ ቃሉን ለቀሙት። ቀስ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ታዲያ ጥሩ ነው?» አሉ።

«ጥሩ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ሰዉ ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ወጥቼ ጓሮ የቡናው መደብ አጠገብ ቆምኩ። እትዬ መጡና አጠገቤ ቆሙ።

እስከ ዛሬ እሁድ ሲመጣ ኮረብታው ላይ እወጣለሁ። ፍተሻው ካለቀ ቆይቷል፤ ተማሪዬም አይጠይቀኝም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እጫናለሁ፤ ያን የካፊያ ቀን የተናገርኩትን ከደብተሩ ጀምሬ፣ በገመዱ አልፌ፣ አመሰግናለሁ እስከሚለው ድረስ እናገራለሁ። ዕቃዋ ጢጥ ብላ ስትቆርጠኝ ደግሜ እጫናለሁ። ቃሉ እንደማይደርሳቸው አውቃለሁ። መብራቷ ረዘም ላለ ጊዜ እንድትበራላቸው ብቻ ነው። ስጨርስ ያው መልስ ይመጣል፤ ይሰማል፣ ደህና ነኝ፣ ተመስገን።

ያለፈው እሁድ ግን ከተመስገኑ በኋላ ቁልፉን አልለቀቁትም። ሹሹታው ውስጥ ሲተነፍሱ ይሰማኛል። ከዚያ፣ «ባትሪው ጥሩ ነው፣ እህቴ» አሉ። «መብራቷን ትቼ ዛሬ መዳፌን አስቀመጥኩባት። እንደ ቀፎ ናት። ብዙ ነው የምትይው። ይሰማል።»

ቁልፉን ልጫን ጣቴን አነሳሁ፤ ምን እንደተሰማቸው ልጠይቃቸው ነበር። ግን ብጠይቃቸውም አይሰሙኝም።